ከባልቲሞር እስከ ባሮ

ጠፍጣፋ ትልን ለማወቅ ኢትዮጵያዊ ማይክሮስኮፕ አላስፈለገውም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሁሉ የኮሶ ትሉን በዓይኑ ያውቀዋል፤ መድኃኒቱንም፣ ምሬቱንም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ (ቀጥለው የሚመጡት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጎንደር ከርሞ አገሩ ሲመለስ ስለ ኮሶ ዛፍ ጻፈ። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ኮሶ ትሉን ከአንጀት አስለቅቆ ያወጣል። የጠፍጣፋ ትሎች ወገን ግን ሰፊ ነው። አንዱ ዘመዳቸው መኖሪያውን ያደረገው ደም ሥር ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይደርስበትም።

ይህን የደም ሥር ትል በ1851 ካይሮ ውስጥ ያገኙት በቃስር አል ዓይኒ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ናቸው። አስከሬን ሲመረምሩ ወደ ጉበት በሚወስደው ደም ሥር ውስጥ ነጫጭ ቀጫጭን ትሎች አዩ። ወንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰውነቱን በርዝመቱ አጥፎ ቦይ ይሠራል፤ ከሱ የቀጠነችው ሴት በዚያ ቦይ ውስጥ ተጠቅልላ ትኖራለች። ጥንዶቹ እንደተቃቀፉ ዓመታት ይቆያሉ፤ ሴቷም በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ትሉ ራሱ ሳይሆን በጉበት፣ በአንጀትና በፊኛ ግድግዳ ላይ ተሰንቅሮ የሚቀረው እንቁላል ነው። በሽታው በአግኚው ስም ቢልሃርዚያ ተባለ።

ትሉ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሄድ የታወቀው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። በ1913 ጃፓን፣ በ1915 ደግሞ ግብጽ ውስጥ ምስጢሩ ያለው ቀንድ አውጣ ዘንድ መሆኑ ተረጋገጠ። በሽንት ወይም በዓይነ ምድር የወጣው እንቁላል ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባል፤ እዚያው ተባዝቶ ከሳምንታት በኋላ ሰርካሪያ የሚባል ጭራው የተሰነጠቀ ደቃቅ ዋናተኛ ሆኖ ይወጣል። ሰርካሪያ አይበላም። ከቀንድ አውጣው ይዞት የወጣው ስንቅ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይበቃዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሰው ቆዳ ካላገኘ ይሞታል።

በዚህ ጉዞ ላይ ትሉ የማይጋፈጠው መከራ የለም። ውሃ ውስጥ ፀሐይ፣ ሙቀትና ብረት ነክ ጨዋማ ነገሮች አሉ። ሰው ውስጥ ደግሞ የሰውነት መከላከያ የሚረጫቸው የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ውህዶች አሉ። ሁሉም በየፊናቸው የትሉ ህዋስ ውስጥ ገብተው ዲኤንኤውን ሊሰብሩ ይችላሉ። የዚህ ዓይነት ጉዳት ቀድሞ የታየው ግን በቢልሃርዚያ ትል ሳይሆን በሌላ ጠፍጣፋ ትል ነው፤ ማንንም በማይጎዳው በፕላናሪያ።

ፕላናሪያ በወንዝ ድንጋይ ሥር የሚኖር ጥቁር ቡናማ ትል ነው። ለሁለት ቢቆርጡት ሁለት ይሆናል፤ ራስ የሌለው ቁራጭ ራስ፣ ጭራ የሌለው ጭራ ያበቅላል። ኤክስሬይ በ1895 ከተገኘ ዘጠኝ ዓመት እንዳለፈ፣ በ1904፣ በባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠሩት ቻርልስ ባርዲንና ፍሬድሪክ ቤትጀር ፕላናሪያዎችን ጨረር አስመቷቸው ቆረጧቸው። ቁስሉ ተገጣጠመ፤ አዲስ ራስ ግን አልበቀለም። ጨረሩ የመታቸው ትሎች ለጥቂት ሳምንታት ምንም እንዳልሆኑ ሲንቀሳቀሱ ቆይተው ሞቱ። ጨረሩ የገደለው የሚከፋፈሉትን ህዋሶች ነበር፤ ሌሎቹ ህዋሶች አርጅተው ሲያልቁ የሚተካቸው ጠፋ። ቤትጀር የጨረርን ኃይል ከማንም በላይ በራሳቸው አካል አወቁት፤ ከአሜሪካ የራጅ ሕክምና ጀማሪዎች አንዱ የነበሩት እኚህ ሐኪም በጨረር ጉዳት የእጅ ጣቶቻቸውን አጥተው በ1933 አረፉ።

ሁለቱ ሰዎች የመቱት ምን እንደሆነ አላወቁም። መልሱ ቀስ እያለ መጣ። በ1927 ኸርማን ሙለር ኤክስሬይ የዝንብን ውርስ እንደሚለውጥ አሳዩ፤ በ1944 የውርስ ተሸካሚው ዲኤንኤ መሆኑ ታወቀ፤ በ1953 ቅርጹ ተገለጠ። ጨረር በህዋስ ውስጥ ያለውን ውሃ ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ የሚወጡት ቁጡ ቅንጣቶች የዲኤንኤውን ጥንድ ክር ይበጥሳሉ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት አጎዳዱ ሌላ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት የዲኤንኤ ፊደሎች ያጣብቃቸዋል፤ ክሩ ሲገለበጥ እዚያ ላይ ይደናቀፋል። ሕይወት ግን ዝም ብሎ አይመታም። በ1949 አሜሪካዊው አልበርት ኬልነር በአልትራቫዮሌት የተጎዱ ረቂቅ ተሕዋስያን ተራ ብርሃን ሲያገኙ መልሰው እንደሚያንሰራሩ አዩ። የተጣበቁትን ፊደሎች በብርሃን ጉልበት የሚያላቅቅ ኢንዛይም ነበራቸው። ይህ ነገር ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ በቢልሃርዚያ ትል ታሪክ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሐኪሞች ከቢልሃርዚያ ጋር የሚታገሉት በመርዝ ነበር። ከ1920 ጀምሮ ቀንድ አውጣውን ለመግደል መዳብ ሰልፌት ወንዝና ቦይ ውስጥ ይጨመር ጀመር፤ ግብጽም ሱዳንም ተጠቀሙበት። የመዳብ መርዝ ቀንድ አውጣውን ይገድላል፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ሌላ ፍጥረት ግን አይለይም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኒክሎሳማይድ የሚባል የተሻለ መርዝ መጣ። ዋጋው ግን ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም።

ከዚያ ዓድዋ መጣች። በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱት ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ሊያጠኑ ወደ ዓድዋ ወንዞች ወረዱ። ሴቶች በየወንዙ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እንዶድ በየአጥሩ የሚበቅል ሐረግ ነው፤ ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥና ከውሃ ጋር ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ይሠራል። አክሊሉ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ፤ ከላይ በኩል ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ከላይ በኩል ሕያዋኑን ሰብስበው በዕቃ አደረጉና አንዲትን ልብስ አጣቢ ከእንዶዷ አረፋ ጨምሪበት አሏት። ጨመረችበት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ይህን ያህል ቀላል ነገር ይህን ያህል ትልቅ ሳይንስ የሆነበት አጋጣሚ በኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ የለም። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ የአክሊሉን ስም የያዘው ነው። አክሊሉ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ከተለያየ የአገሪቱ ክፍል የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው ኃይለኛውን መረጡ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ወንዞች እንዶድ ተረጨ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከስድስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል በቢልሃርዚያ የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ገና ውሃ መንካት የጀመሩ ልጆች ስለሆኑ ቁጥሩ የሚያሳየው አዲስ የሚተላለፈው በሽታ ምን ያህል እንደተገታ ነው። እንዶድ የሚገድለው የህዋስን ሽፋን በሚቀዱ ሳፖኒን በሚባሉ ውህዶች ነው፤ አንደኛው በአክሊሉ አባት ስም ለማቶክሲን ተብሏል። ዲኤንኤ ላይ አያነጣጥርም። ይህም ተፈትኗል፤ በ1984 በወጣ ጥናት እንዶድ በባክቴሪያ ላይ ሚውቴሽን (የውርስ ለውጥ) ያመጣ እንደሆነ ተመርምሮ አልተገኘበትም።

ያ ፈተና ያለ ምክንያት አልተደረገም። በዚያው በጆንስ ሆፕኪንስ ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረሰው ነገር የቢልሃርዚያ ተመራማሪዎችን ሁሉ አስደንግጦ ነበር።

ሃይካንቶን በ1960ዎቹ አጋማሽ የተገኘ መድኃኒት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአንቲሞኒ መርፌዎች ለሳምንታት የሚወሰዱና አንዳንዴም በሽተኛውን የሚገድሉ ስለነበሩ በአንድ መርፌ ትሉን የሚያጠፋ መድኃኒት እንደ ተአምር ታየ። በብራዚልና በሴንት ሉሲያ ብዙ ሰው ተወጋው። የሆፕኪንሱ ኧርነስት ቡዲንግ ዕድሜያቸውን ለቢልሃርዚያ ትል የሰጡ ሊቅ ነበሩ፤ መድኃኒቱንም በቅርብ ያጠኑት ነበር። በ1971 የዚያው ዩኒቨርሲቲ የዘረ መል ሳይንቲስት ፊሊፕ ሃርትማንና ባልደረቦቻቸው ሃይካንቶንን በሳልሞኔላ ባክቴሪያ ላይ ሞከሩትና ውጤቱን ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ፤ መድኃኒቱ ዲኤንኤ ውስጥ እየገባ ፊደል ያዛባል፤ ብርቱ የሚውቴሽን አምጪ ነው። በዚያው ዓመት ቡዲንግና አንድ ባልደረባቸው ሌላ መጥፎ ዜና አመጡ፤ ከመድኃኒቱ ከተረፉ ትሎች የተወለዱ ትሎች መድኃኒቱ የማይነካቸው ሆነው ነበር።

ትልን በዲኤንኤው በኩል መግደል ይቻላል። ችግሩ የሰውም ዲኤንኤ ከዚያው ነገር የተሠራ መሆኑ ነው። ቡዲንግና ሃርትማን ትሉን ገድሎ ሰውን የማይነካ የሃይካንቶን ዘመድ ለመሥራት ዓመታት ደከሙ። ሮም ውስጥ ዶናቶ ቾሊና ሊቪያ ፒካ ማቶቻ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያዙ፤ መድኃኒቱ አንዱን ትል ገድሎ ሌላውን የሚምረው ለምንድን ነው? መድኃኒቱ የማይበግረውን ትል ከሚሞተው ጋር አዳቀሉ። ልጆቹ ሁሉ የሚሞቱ ሆኑ። መድኃኒቱን የሚከላከል ነገር ቢኖር ኖሮ ልጆቹ ይወርሱት ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩ ተገላቢጦሽ ነው ማለት ነው። የሚሞተው ትል አንድ ኢንዛይም አለው፤ መድኃኒቱን ወስዶ ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ መርዝ ያደርገዋል፤ የማይሞተው ትል ይህ ኢንዛይም ተበላሽቶበታል። ትሉ በገዛ እጁ መርዙን ያዘጋጃል። ኢንዛይሙ በስሙ ተለይቶ ዘረ መሉ የታወቀው በ2013 ነው። በዚያን ጊዜ ሃይካንቶን ከገበያ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነበር።

ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ትሉን ከመግደል ይልቅ አቁስሎ መተው ይሻላል አሉ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጨረር የተመቱ ሰርካሪያዎች አይጥ ቆዳ ውስጥ ገብተው እስከ ሳንባ ደርሰው እንደሚቀሩ ይታወቅ ነበር። ዲኤንኤያቸው ስለተሰባበረ አያድጉም፣ እንቁላል አይጥሉም፤ ሰውነቱ ግን ትሉን ለይቶ እንዲያውቅ ያስተምሩታል። ለአይጥ ክትባት ሆኑ። ይህ ሐሳብ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሜዳ የተፈተነው ከኢትዮጵያ ብዙም ሳይርቅ ነው። የጋምቤላው ባሮ ወደ ምዕራብ ሄዶ ሶባት ይሆናል፣ ሶባት ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ነጭ ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ኮስቲ ይደርሳል። በኮስቲ አካባቢ የሱዳንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የከብት ቢልሃርዚያ እጮችን በጨረር መትተው ጥጆችን ከተቡ፤ ከብቶቹንም በሽታው ወዳለበት ውሃ ለቀቋቸው። በ1980 የታተመው ውጤት እንዳሳየው በተከተቡት ውስጥ የተገኘው ትል ካልተከተቡት በእጅጉ ያነሰ ነበር። ክትባቱ በሰው ላይ አልዋለም፤ ሕያው እጭ በየቦታው ማምረት፣ ማጓጓዝና ለሰው መውጋት ከባድ ነገር ነው። ቢሆንም የቢልሃርዚያ ትል በክትባት ሊገታ እንደሚችል እስከ ዛሬ ከታዩት ማስረጃዎች ጠንካራው ይህ የዲኤንኤ ስብራት ነው።

በእነዚያው ዓመታት ጀርመን ውስጥ ፕራዚኳንቴል ተገኘ። ዲኤንኤን አይነካም፤ የትሉን ጡንቻ በድንገት ያኮማትረዋል፣ ቆዳውንም ይቀደዋል፤ ከዚያ የሰውነት መከላከያ ይጨርሰዋል። በአፍ የሚዋጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ያበቃል። የቢልሃርዚያ ሕክምና ከዚያ ወዲህ ይኸው ነው። ድክመቱም ከዚያው አለ፤ የጎለመሰውን ትል ይገድላል እንጂ ገና የገባውን ለጋ ትል አይገድልም።

ጋምቤላ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በስደትና በሰፈራ ነው። በ1984 እና 1985 ረሃብ ከደጋ የተነሱ ሰዎች አቦቦ አካባቢ ሰፈሩ፤ አልዌሮ ወንዝም ተገደበ። በዚያው አሥር ዓመት ኢታንግ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ትልቅ መጠለያ ነበረች፤ በግንቦት 1991 መንግሥት ሲለወጥ ባዶዋን ቀረች። ሰው በተንቀሳቀሰበት ሁሉ እንቁላሉም ይንቀሳቀሳል፤ የሚቀረው ተስማሚ ቀንድ አውጣ መኖሩ ነው።

በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የሽንቱን ቢልሃርዚያ ትል፣ ሽስቶሶማ ሄማቶቢየምን፣ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ብሎ መዘገበው። ፊኛ ውስጥ የተሰነቀረው እንቁላል ሰውነቱን ያስቆጣል፤ የተቆጡት የመከላከያ ህዋሶች እንቁላሉን ለማቃጠል የሚረጩት ውህድ የባለቤቱንም ዲኤንኤ ይሰብራል። ዓመታት እንዲህ ሲሄድ ፊኛ ካንሰር ይይዘዋል። ትሉን ሊመታ የተወረወረ ሁሉ ሰውዬውንም እያገኘው ነው።

ታዲያ ትሉ ራሱ በዚያ ሁሉ እሳት መካከል እንዴት ይኖራል? ደም ይበላል። የተፈጨው ደም ብረት ያለበት ሄም ይተዋል፤ ሄም ደግሞ ዲኤንኤ የሚሰብሩ ቁጡ ቅንጣቶችን ይወልዳል። ትሉ ሄሙን አንጀቱ ውስጥ ጥቁር ክሪስታል አድርጎ ያስረዋል። ያመለጠውን የሚያጠፋበት ደግሞ አንድ ኢንዛይም አለው። ሰው ለዚህ ሥራ ሁለት የተለያዩ ኢንዛይሞች ሲኖሩት ትሉ ያለው አንድ ብቻ ነው። በ2007 ኢሊኖይ ውስጥ ዴቪድ ዊሊያምስና ባልደረቦቻቸው ያንን አንዱን ሲያጠፉበት ትሉ በቀናት ውስጥ ሞተ።

ውሃ ውስጥ ያለው እጭስ? በ1970ዎቹ አልትራቫዮሌት የበራባቸው ሰርካሪያዎች በሙሉ አቅማቸው እንደማያድጉ ታይቶ ነበር። በ2000ዎቹ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀንድ አውጣ ወደሚፈልገው እጭ ተመለሱ። አልትራቫዮሌት ሲያገኘው ቀንድ አውጣ የመያዝ አቅሙ ቀነሰ። ወዲያው ተራ ብርሃን ሲያገኝ ግን ከጉዳቱ ከፊሉን ጠገነ። ኬልነር በ1949 ያዩት ጥገና እዚህም ነበር።

ይህን ይዞ የሰርካሪያን ጠባይ ላስተዋለ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የአንጀቱ ቢልሃርዚያ ሰርካሪያ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው በሌሊት አይደለም፤ ረፋዱ ላይና እኩለ ቀን ገደማ ነው። ፀሐይ በምትበረታበት፣ ዲኤንኤውም ይበልጥ በሚጋለጥበት ሰዓት። ያ ሰዓት ግን ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ልጆች የሚዋኙበት ሰዓት ነው። ሰው ማግኘት ለትሉ ከፀሐይ መዳን ይበልጥበታል ማለት ነው። የደፈረሰ ወንዝም ይረዳዋል፤ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ያለበት ውሃ አልትራቫዮሌትን ገና ከላይ ይውጠዋል። በክረምት የጋምቤላ ወንዞች እንዲህ ናቸው።

መዳብ ሰልፌትም ፍርዱን ያገኘው በዚሁ ዘመን ነው። በ2001 ብራዚል ውስጥ ፕላናሪያዎችን በመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ ካቆዩ በኋላ ህዋሶቻቸውን በኤሌክትሪክ ኃይል ጄል ላይ አሳለፏቸው። ያልተሰበረ ዲኤንኤ በቦታው ይቆያል፤ የተሰበረው ጭራ ሠርቶ ወደ ኋላ ይንጠባጠባል። የመዳቡ መጠን ሲጨምር ጭራውም ረዘመ። ለዘመናት ቀንድ አውጣ ይገድላል ተብሎ ወንዝ ውስጥ ሲፈስስ የኖረው መርዝ ምንም ያላደረጉትን ጠፍጣፋ ትሎች ውርሳቸው ድረስ እንደሚጎዳ በዓይን ታየ።

የባርዲንና የቤትጀር ጥያቄም ሙሉ መልሱን አገኘ። በ2011 አሜሪካ ውስጥ በጨረር ህዋሶቹ ሁሉ መከፋፈል ያቆሙ ፕላናሪያ ተወሰደና ከሌላ ጤነኛ ትል አንዲት ህዋስ ብቻ ተተከለችለት። አንዲቷ ተባዝታ ትሉን ከሞት መለሰችው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ጄምስ ኮሊንስና ፊሊፕ ኒውማርክ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በሰው ደም ውስጥ የሚኖረው የቢልሃርዚያ ትልም እንዲህ ያሉ ህዋሶች እንዳሉት አሳዩ፤ ጨረር ሲመታው እነርሱ ይጠፋሉ። ትሉ በሰው ውስጥ ዓመታት የሚኖርበት፣ የሰውነት መከላከያ ያበላሸውን ቆዳውን የሚያድስበት ምስጢር ይህ ነው። ጉዳቱ አይቀርለትም። የተጎዳውን የሚተካ ጥቂት ያልተጎዳ ህዋስ ግን አያጣም።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። ሰው በፓጋክና በአኮቦ በኩል ወደ ጋምቤላ ይጎርፍ ጀመር። በግንቦት 2014፣ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ በኢታንግ ልዩ ወረዳ፣ የኩሌ መጠለያ ተከፈተ። የገቡት አብዛኞቹ ከላይኛው ዓባይና ከጆንግሌይ የመጡ ኑዌሮች ናቸው፤ ከብት አርቢዎች፣ ከረግረግና ከወንዝ ጋር የኖሩ ሰዎች። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የመጡበት አገር ሁለቱም ዓይነት ቢልሃርዚያ፣ የሽንቱም የአንጀቱም፣ የሚገኝበት ነው። በዚያው ክረምት ጎርፍ በክልሉ ያለውን ሌላ መጠለያ፣ ሌይትቹርን፣ አጥለቀለቀው፤ ነዋሪዎቹም ወደ ጀዊ እንዲዛወሩ ሆነ። ኩሌ ግን ቆየ፤ ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርበት ከተማ አከል ሆነ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ጤና ጣቢያ ከፈቱ። ውሃ በባሮ ዳር ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በቧንቧ ተስቦ ኩሌና ቲየርኪዲ ደረሰ።

ለቢልሃርዚያ ይህ ቧንቧ ከማንኛውም ጨረር ይበልጣል። ሰርካሪያ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይኖርም፣ ስንቁ ያልቃል፤ ከጉድጓድ በተሳበ ውሃ ውስጥ ደግሞ ከመነሻውም አይኖርም። ሴት ልጅ ጄሪካኗን ከቦኖ ከቀዳች፣ እናቷም ልብሱን እዚያው ካጠበች ትሉ የሚያገኘው ቆዳ ያጣል። ነገር ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት የበጋ ቀን ልጅ ወንዝ አይግባ ማለት አይቻልም። በ2015 የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳየ። በአቦቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ከሦስቱ ከአንዱ በላይ በሽንታቸው የሄማቶቢየም እንቁላል ተገኘ። ቀድሞ ይህ ትል በኢትዮጵያ የሚታወቀው በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቆላዎች፣ እንዲሁም በሱዳን ድንበር ኩርሙክ አካባቢ ነበር።

በዚያው ዓመት ኅዳር ኢትዮጵያ አገር አቀፍ የትል መድኃኒት ዘመቻዋን በትምህርት ቤቶች ጀመረች። አሠራሩን ላየ ቀላልነቱ ያስደስታል። ልጁ ጫማውን አውልቆ ቀለም የተቀባ ረጅም ዘንግ አጠገብ ይቆማል፤ መምህሩ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አናቱ የትኛው መስመር ላይ እንደደረሰ ታያለች፤ መስመሩ ስንት ፍሬ እንደሚሰጠው ይነግራታል። ሚዛን አያስፈልግም። መድኃኒቱ ትልቅና መራራ ስለሆነ ከምግብ በኋላ በብዙ ውሃ ይዋጣል። ፍሬውን በነፃ የሚሰጠው የጀርመኑ መርክ ኩባንያ ነው።

ፕራዚኳንቴል ትሉ ውስጥ የሚይዘው በር በ2019 ተለይቶ ታወቀ፤ ካልሲየም የሚያስገባ የህዋስ ቀዳዳ ነው። እስከዚያ ድረስ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ በትክክል ሳይታወቅ ሲወስደው ነበር። አሁን በሩ ስለታወቀ ለጋውንም ትል የሚያገኝ መድኃኒት ለመሥራት መንገድ ተከፍቷል።

አንድ ክፍተት ግን ሳይዘጋ ቆይቶ ነበር። የትምህርት ቤት ዘመቻ የሚያገኘው ተማሪውን ነው። ኩሌ ውስጥ ወንዝ ዳር በእናቱ ጀርባ ወርዶ የሚንቦጫረቀው ሕፃን አይደርሰውም። አክሊሉ በዓድዋ የለኩት እነዚህኑ ትናንሾች ነበር። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ለውጦ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ያሉ ሕፃናት እንዲታከሙ አለ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን ከሦስት ወር ሕፃን ጀምሮ እስከ ስድስት ዓመት ላሉ የተዘጋጀ አዲስ የፕራዚኳንቴል ፍሬ ላይ አዎንታዊ አስተያየት ሰጠ። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ምሬቱም ተቀንሷል፤ ልጁ መዋጥ ካልቻለ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል።